የጣት ፊደል ገበታችንን በትክክል ላተመልን የከዚራው ልጅ ምስጋና

የድሬና የሐረር ሰዎች፣ በተለይ መስማት የተሳናቸው ልጆች ያሉበት ክፍል የምታስተምሩ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለውን የህትመት ባለሙያ በአደባባይ እናመስግነው። እጁ ይባረክ! ሁለት ቦታ ተበላሽቶ የተመለሰውን ሥራ እሱ ጨርሶልን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ሥራው ሁለት ገበታ ነው። አንደኛው የአማርኛ የጣት ፊደል፣ ማለትም ፊደላቱ በእጅ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳይ፣ ሁለተኛው መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከየት ተነስቶ እኛ ጋ እንደደረሰ የሚያሳይ። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም።

በጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ ለ ነው ወይስ መ የሚለውን ይነግራል። ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሳብዕ የሚለየው ግን በእጁ አቅጣጫና እንቅስቃሴ ነው። ፎቶ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ቀስት ካልተደረገለት ለ፣ ሉ፣ ሊ አንድ ሆነው ያርፋሉ። የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት ቀስቶቹን «ገጹን አቆሸሹት» ብሎ ሁሉንም አጠፋቸው። ለማሳመር ብሎም ግማሹን ፎቶ ገልብጦ እጆቹን ፊት ለፊት አገጣጠማቸው። ፊደሉን በግራ እጁ የሚሠራ ሰው አለ፤ ግራው አይደለም ጥፋቱ፣ በአንድ ገበታ ላይ ቀኝና ግራ መደባለቁ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ ያየውን ነው የሚቀዳው። በዚያ ላይ ፎቶዎቹ አንጓው ላይ ስለተቆረጡ መዳፉ ወዴት እንደዞረ አይለይም። የጠይም እጅ ፎቶ ቡናማ መደብ ላይ ታትሞ ጣት ከጣት አይታይም። ገንዘቡ ግን ተከፍሏል።

ሁለተኛው ቦታ የታሪኩን ገበታ ወሰደና ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ «ወደ እኛ ልቀይርላችሁ» ብሎ 8 ቀነሰ። ሳይጠየቅ! ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ልዩነቱ 7 መሆኑ ይቅር፤ ቀድሞውኑ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውንም ቀነሰው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችበት አዋጅ ቁጥር 676/2002 የ1994 ሆኖ ታተመ። ርዕሱ ላይ «መስማትና መናገር የተሳናቸው» ብሎ የራሱን ቃል ጨመረበት። በምልክት ቋንቋ የሚናገርን ሰው መናገር ተስኖታል ማለት ስድብ ነው። ይስተካከል ሲባልም «ማን ያነበዋል?» አለ።

የከዚራው ልጅ ማሽኑን ከመክፈቱ በፊት ወረቀቱን አነበበ። በቃ፣ ለምስጋናው ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። አንብቦም ጣሊያን ውስጥ የተደረገው የሚላን የመምህራን ጉባኤ ላይ ሲደርስ ቆመ። በምልክት ማስተማር ከትምህርት ቤት እንዲወጣ፣ በከንፈር ንባብና በድምፅ ብቻ እንዲማሩ የወሰነው ያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 6 እስከ 11 ቀን 1880 ነው የተካሄደው። «ይሄ እኮ አዲስ ዓመታችን መሀል ይወድቃል፤ 1872 ልበል 1873?» አለ። ልክ ነው፤ በጳጉሜን ተጀምሮ በመስከረም አልቋል። ስለዚህ የውጭዎቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ተብሎ በእነርሱ አቆጣጠር፣ የእኛዎቹ በእኛ እንዲሄዱ ተስማማን። የፈረንሳዊው ቄስ የአባ ደ ሌፔ የፓሪስ ትምህርት ቤት 1760 ገደማ፤ አሜሪካዊው ጋሎዴትና መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር ሎራን ክሌርክ በአሜሪካ ሃርትፎርድ የከፈቱት 1817፤ መስማት የተሳነው አሜሪካዊ አንድሪው ፎስተር ጋና፣ አክራ ላይ የከፈተው 1957፤ ሚላን ላይ የተወሰነው በካናዳ በቫንኩቨሩ ጉባኤ ውድቅ የተደረገው 2010። ይህ የመጨረሻው ከእኛ የ2002 የማጽደቂያ አዋጅ ጋር አንድ ዓመት ላይ ስለሚገጥም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተከፈተው የአዲስ አበባው የመካኒሳ ትምህርት ቤትና ከእሱ በኋላ የተከፈተው የሆሳዕናው በገበታው ላይ ከፎስተር በታች ተቀመጡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይኼ ነው። ናሙናውን ለማረም መስማት የተሳናቸው መምህራችን ከአስተርጓሚ ጋር ሲሄዱ፣ ልጁ የሚያየው አስተርጓሚዋን ሳይሆን እሳቸውን ነበር። ለአስተርጓሚዋ «ንገሪያቸው» የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። መብራቱን ወደ እሳቸው እጅ አዞረና እያንዳንዱን ፊደል እያሠራቸው ቀስቱን በእርሳስ ከፎቶው ጋር አመሳከረ። አራት ቀስት ተሳስቶ ተገኘ፣ ሁለቱ የእኛው ስህተት! ሁለተኛውን ናሙና ያለ ክፍያ አወጣ። ስንት ቢሮ ይህን አክብሮት አጥቷል።

የቀለሙንና የማሽኑን ነገር እሱ ያውቃል። ለእናንተ የሚጠቅመውን ግን እንንገራችሁ። የላዩ ሽፋን የማያብለጨልጭ ይሁን፤ የሚያብለጨልጨው ከመስኮት ብርሃን ሲመታው ቅርጹን ይበላዋል። የፎቶው መደብ ቀላል ሰማያዊ ወይም ግራጫ፣ ፎቶው እስከ ክንዱ አጋማሽ። ለታችኛዎቹ ክፍሎች መሀሉ ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ሲሆን ልጆቹ አንገታቸውን አያንጋጥጡም። ልጆቹ በግማሽ ክብ ስለሚቀመጡ ከሁለቱም ጫፍ ተቀምጣችሁ ሳታዩ ምስማር አትምቱ። በድሬ ፀሐይ ደጅ አይሰቀል፤ ቀዩ ቀስት ቀድሞ ይለቃል።

ሂዱበት፣ ላኩበት፣ ለሌላውም ንገሩ! ቦታውን በውስጥ መስመር እንሰጣለን። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ዝግ ነው፤ ድሬ ነውና አትድከሙ። ፎቶውን በፍላሽ ውሰዱለት፤ በቴሌግራም የተላከው ሲተልቅ የጣቶቹ ጠርዝ ይደበዝዛል። እያንዳንዱን ፎቶ ቁጥር ስጡት፣ ቀኝ እጅ መሆኑንና ቀስቱ ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ጻፉለት። ወረቀት ሳይዝ የሚመጣን ሰው መልሶ ይልካል፤ አትቀየሙት።