«600 ዋት» የተባለው ፓወር ሰፕላይ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምሠራባት የሠርግ ቪዲዮ ክፍሌ ይህን ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለውን ሣጥን) የገጠምሁት ባለፈው ሚያዝያ ነው። ስምንቱን ወር ያለ ኮሽታ አሳልፏል። ጉዱ የወጣው የጥር ሠርግ ሲደራረብ ነው።

ሬንደሩ (የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል መቀየሩ) እኩሌታውን እንኳ ሳያልፍ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። እንደ ልማዴ «መብራት ሄደ» ብዬ ቀና ስል አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ሦስት ሌሊት እንዲሁ ሆነ፤ የሙሽራዋ እናት «ልጄ፣ አልደረሰም ወይ?» እያሉ ሲደውሉ መልስ አጣሁ።

በመጨረሻ ኬዙን ከፍቼ፣ ስገዛው ማንበብ የነበረብኝን፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አነበብሁ። በጉልህ ከተጻፈው «600 ዋት» ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ የ12 ቮልቱ መስመር 22 አምፒር ብቻ እንደሚሰጥ ሰፍሯል፤ ሲባዛ 264 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚመገቡት ደግሞ ከዚሁ መስመር ነው። የኔ አርቲኤክስ 2060 ካርድ 160 ዋት ይፈልጋል፤ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰሬም ባለ 65 ዋት ቢባልም በሙሉ ጭነት እስከ 88 ዋት ይስባል። ዲስኩንና ፋኖቹን ሳልቆጥር 248 ሞላ፤ ካርዱ ለቅጽበት ከመጠኑ ሲዘልማ ምን ይተርፋል?

ሻጩ ዘንድ ስመለስ «ወንድሜ፣ ብቃቱ 80 በመቶ ስለሆነ እኮ ነው፤ 600ው 480 ይሆናል» አለኝ። ሒሳቡ ልክ ቢሆን እንኳ 480ው የታለ? ደግሞም ልክ አይደለም፤ የሚጻፈው ዋት ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ኃይል ሲሆን፣ የብቃት መጠኑ የሚነግረን ያንን ለመስጠት ከሶኬቱ ስንት እንደሚሳብ ነው። እውነተኛ 600 ዋት በ80 በመቶ ብቃት ከግድግዳው 750 ይስባል፤ 150ው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ይህን ሁሉ ባስረዳውም ገንዘቤን አልመለሰልኝም።

ከጓደኛዬ የተዋስሁት ባለ 80 ፕላስ ብሮንዝ (የብቃት ደረጃ ምስክር ነው) ፓወር ሰፕላይ «500 ዋት» ብቻ ይላል፤ በ12 ቮልት ግን 38 አምፒር፣ ማለትም 456 ዋት ይሰጣል። በእጅ ሲያዝ ራሱ ከባድ ነው። ሠርጉን በአንድ ሌሊት ጨረሰልኝ፤ በማግሥቱ መሰሉን ገዛሁ።

አሮጌው አሁን ደረሰኝ የምቆርጥበትን፣ ግራፊክስ ካርድ የሌለውን ኮምፒውተር ያሠራል። «600» የሚለውን ግን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜበታለሁ።