ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤት ያላችሁ የጎንደር ሰዎች፦ አዘዞ ያለውን የፓኔል ባለሙያ ያዙት

ጎንደር ውስጥ የ3 ፌዝ ፓኔል (የሞተሩን ማስነሻና መቆጣጠሪያ የኤሌክትሪክ ሣጥን) የሚያሠራ ሰው ይህን ልጅ ሳያነጋግር ለማንም ቀብድ እንዳይከፍል። እጁ ይባረክ! ስሙን ያለ ፈቃዱ እዚህ አልጽፍም፤ ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

የወፍጯችን ሞተር 11 ኪሎ ዋት ነው፣ በስታር ዴልታ ይነሳል፤ ማለትም መጀመሪያ በተቀነሰ ኃይል (ስታር) ተነስቶ ከዚያ ወደ ሙሉ ኃይል (ዴልታ) ይዞራል። ቀደም ብለው የነካኩት ሰዎች፣ ስማቸው ይቅር፣ ለቤት መብራት የሚዘረጋውን ነጠላ ክር ሽቦ ነበር የሞሉበት። ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ ደረቅ ሽቦ ከብሎኑ ሥር ይላላል፣ የላላው ይግላል፣ ሙቀቱ ኮንታክተሩን (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) ያቀልጠዋል። እነሱ ግን በተቃጠለ ቁጥር «ተለቅ ያለ ኮንታክተር ግዙ» ነው መልሳቸው። አንዱማ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ ሄደ! ለጥምቀት ሰሞን ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፎ ወፍጮ ሲቆም... ተዉት።

ይህ ልጅ መጀመሪያ የሞተሩን ሰሌዳ አነበበ፤ 22 አምፔር ገደማ። ለመግቢያው ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ ወደ ሞተሩ ለሚወርዱት 6 ገመዶች ባለ 4፣ ለኮንትሮሉ (ኮንታክተሮቹን ለሚያዘው መስመር) ባለ 1 አዘዘ። በዴልታ ወደ ሞተሩ የሚወርደው እያንዳንዱ ገመድ የሚሸከመው የ22ቱን አምፔር 58 በመቶ፣ ወደ 13 አምፔር ነው፤ ባለ 4 ያደረገው ታስረው ሲሄዱ እርስ በርስ ስለሚያግሉ ነው። ሁሉም ባለ ብዙ ክር መዳብ። ኃይሉ ጥቁር፣ ኮንትሮሉ ቀይ፤ አረንጓዴና ቢጫው ለግራውንድ ብቻ። የፓኔሉን በር እንኳ ለብቻው ግራውንድ አሰረለት፣ ብዙዎች ይዘሉታል።

እጁን ማየት ነው ደግሞ! ክሮቹ እንዳይበተኑ እያንዳንዱን ጫፍ ፌሩል የሚባለው ትንሽ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ይጨምቃል፣ ከዚያ በጣቱ ሳብ አድርጎ ይፈትናል። የወጣውን ቆርጦ እንደገና ይሠራል። ቆርቆሮ አቅልጦ ጫፉን ማድረቅ አይወድም፤ ቆርቆሮው ብሎን ሥር እየተጨፈለቀ ይላላል።

ወፍጮው ጥቂት ቀን በሙሉ ጭነት ከሠራ በኋላ ሳንጠራው መጣ። ብሬከሩን አጥፍቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፤ ከቡና በቀር አንድ ብር አልወሰደም። ትርፍ ገመዱንም ጠቅልሎ አስረከበን።

ደውሉለት። ገመድ ግን እሱ ሳያየው አትግዙ፤ ገበያው ላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም አለ። ጫፉን በምላጭ ፍቃችሁ ውስጡ ነጭ ከሆነ ለባለ ሱቁ መልሱለት።