የውጭ ሆስቲንግ፣ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ወይስ «ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ» የሚለው ባለሙያ? ለሰሜን ሸዋ ነጋዴ የቀረበ ንጽጽር

ደብረ ብርሃን ላይ ፔንሲዮን የከፈተ፣ መንዝ ላይ ባና እያሠራ አዲስ አበባ የሚሸጥ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾ ሰብስቦ ለላኪ የሚያቀርብ ሰው ስለ ዌብሳይት ሲያነሳ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ይፈጃል?» ነው። ይገባኛል፤ ብር በቀላሉ አይገኝም። እኔ ግን ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድማለሁ። ዶሜኑ የሚመዘገበው በማን ስም ነው? የዛሬ ዓመት ሲታደስስ እኔው ራሴ ከዚሁ ሆኜ መክፈል እችላለሁ? ለእነዚህ መልስ ሳታገኙ ስለ ዋጋ ብትከራከሩ ብዙ አይጠቅማችሁም።

ለጀማሪ ባጭሩ ላስረዳ። ዶሜን ማለት ደንበኛ ስልኩ ላይ ጽፎ የሚያገኛችሁ አድራሻ ነው። ሆስቲንግ ደግሞ ፎቷችሁና ጽሑፋችሁ የሚቀመጥበት፣ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ፣ የምትከራዩት ቦታ ነው። ሼርድ ሆስቲንግ የሚባለው ብዙ ዌብሳይቶች አንድ ሰርቨር ላይ ሲቀመጡ ነው፤ አንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች አንድ ሮቶ ውሃ እንደሚጋሩት። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ለአብዛኛው አነስተኛ ንግድም ከበቂ በላይ ነው። ዶሜንና ሆስቲንግ ግን የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ከተለያየ ቦታ ሊገዙ ይችላሉ።

ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው እንደ ሆስቲንገር፣ ኔምቺፕ፣ ብሉሆስት ወይም ሳይትግራውንድ ካሉ የውጭ ድርጅቶች በቀጥታ በካርድ መግዛት ነው። ሁለተኛው በብር ከሚሸጥ የአገር ውስጥ ድርጅት መግዛት ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ይሸጣል፣ የግል ድርጅቶችም አሉ። ሦስተኛው ዌብሳይቱን ለሚሠራው ልጅ ጠቅላላ ብር ሰጥቶ ዶሜኑንም ሆስቲንጉንም እሱ እንዲይዘው መተው ነው። እኔ እንደማየው በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሄደው በሦስተኛው ነው።

ክፍያና እድሳት

የውጭዎቹ ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ዋጋ የመጀመሪያው ዙር ዋጋ ነው። እንበል «በወር 3 ዶላር» ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስታነቡት ዋጋው የሚሠራው የ4 ዓመቱን በአንዴ ለከፈለ ነው። 48 ወር በ3 ዶላር ሲባዛ 144 ዶላር ይመጣል። ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ ወርሃዊው ሁለት ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የእድሳቱ ዋጋ እዚያው ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ፈልጋችሁ አንብቡት። ሁለት ድርጅቶችን ስታወዳድሩም የምታነጻጽሩት የእድሳቱን ዋጋ ይሁን።

ለእኛ ሌላ ጣጣ አለ፤ ምንዛሪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ120 ብር አለፈ። በዓመት 40 ዶላር የሚከፈልበት ሆስቲንግ ከ2,280 ብር ወደ 4,800 ብር ወጣ ማለት ነው፤ ድርጅቱ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር። የአገር ውስጦቹም ከዚህ አላመለጡም። ብዙዎቹ ዶሜኑንም ሰርቨሩንም ራሳቸው በዶላር ስለሚገዙ ዞሮ ዞሮ ዋጋው እናንተ ጋ ይደርሳል።

ካርዱስ? ተራው የብር ኤቲኤም ካርድ የውጭ ድርጅት ጋ አይሠራም። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያለው ሰው ከባንኩ ዓለም አቀፍ ካርድ ሊያወጣ ይችላል። የሌለው ውጭ ያለ ወንድሙን ወይም እህቱን ይለምናል። ለመጀመሪያው ጊዜ ደስ ብሏቸው ይከፍላሉ። በዓመቱ ግን ካርዳቸው ተቀይሮ ይሆናል፣ ሥራ በዝቶባቸው ይረሱት ይሆናል። የመክፈያ ቀኑ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

የአገር ውስጡ ጎልቶ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ትከፍላላችሁ። በአማርኛ ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ። ሕጋዊ ደረሰኝም ታገኛላችሁ፤ የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኝ እንደሚቆርጡ አረጋግጡ።

ሦስተኛው መንገድ ላይ የክፍያው ነገር ደብዛዛ ነው። ልጁ «20 ሺህ ብር፣ ሁሉንም ጨርሼ» ይላል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ዶሜን፣ ስንቱ ሆስቲንግ፣ ስንቱ የድካሙ ዋጋ እንደሆነ አይታወቅም። በዓመቱ የሚጠይቃችሁም እሱ የፈለገውን ነው። የዶት ኮም ዶሜን በዓመት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ውስጥ እንደሚገኝ ካወቃችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። በጽሑፍ ለያይቶ እንዲያስቀምጥላችሁ አድርጉ። ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

ዶሜኑ የማን ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። አንድ የማውቀው የፔንሲዮን ባለቤት አድራሻውን ታፔላ ላይ አስጽፏል፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ አሳትሟል። የሠራለት ልጅ ሥራ ቀይሮ ከከተማ ወጣ። ስልኩም ተቀየረ። ዓመቱ ሲሞላ የእድሳት ማስታወቂያው የተላከው ለልጁ ኢሜይል ነበር። ማንም አልከፈለም። ከጥቂት ወራት በኋላ የፔንሲዮኑን አድራሻ የከፈተ እንግዳ የቁማር ማስታወቂያ ያይ ጀመር። ባለቤቱ ታፔላውን አስፍቆ በሌላ ስም እንደገና ጀመረ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የሰው የንግድ ስም በእንዲህ ዓይነት ቸልተኝነት ሲጠፋ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል።

ሒደቱን እወቁት። ዶት ኮም ዶሜን ቀኑ ሲያልፍ ዌብሳይቱም ኢሜይሉም ይቆማል። አብዛኞቹ መዝጋቢዎች፣ ማለትም ዶሜን የሚሸጡና የሚያድሱ ድርጅቶች፣ ለተወሰኑ ሳምንታት በመደበኛው ዋጋ እንድታድሱ ይፈቅዳሉ። ከዚያ 30 ቀን የሚቆይ የማስመለሻ ጊዜ ይመጣል፤ በዚህ ወቅት ለማስመለስ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ትከፍላላችሁ። ቀጥሎ 5 ቀን ጠብቆ ይሰረዛል። ከተሰረዘ በኋላ ቀድሞ የደረሰ ሰው ይወስደዋል።

የማን እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ? የዶሜን ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን (ICANN) ባለው የዶሜን መፈለጊያ ገጽ ላይ አድራሻውን ስታስገቡ መዝጋቢው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያበቃ ያሳያችኋል። የባለቤቱ ስም ግን ዛሬ ዛሬ ብዙ ጊዜ ለግላዊነት ሲባል ይሸፈናል። ስለዚህ እውነተኛው ማረጋገጫ አካውንቱ ነው። መዝጋቢው ዘንድ የተከፈተው አካውንት በእናንተ ኢሜይል ነው? ፓስወርዱ እጃችሁ ላይ ነው? ሁለቱንም «አዎ» ማለት ከቻላችሁ ዶሜኑ የእናንተ ነው።

ሦስቱን መንገዶች በዚህ ሚዛን ካየናቸው የውጭው ይቀድማል፤ አካውንቱን ራሳችሁ ስለምትከፍቱት ከመጀመሪያው እጃችሁ ላይ ነው። የአገር ውስጡ እንደ ድርጅቱ ይለያያል። ሲሸጡላችሁ «ዶሜኑን ወደ ሌላ መዝጋቢ ላዛውር ብል የማዛወሪያ ኮዱን ትሰጡኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንጀት የሚያርስ መልስ ካልሰጡ እለፏቸው። በ.et የሚያልቅ አድራሻ ከፈለጋችሁ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሦስተኛው መንገድ በዚህ በኩል አደገኛ ነው፤ ልጁ የፈለገውን ያህል ታማኝ ቢሆን።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶት ኮምን እስከ 10 ዓመት ድረስ ቀድሞ መክፈል ይቻላል። ዶላር የሚከፍልላችሁ ዘመድ ዘንድሮ ካገኛችሁ፣ ለሆስቲንግ ከማብዛት ይልቅ ዶሜኑን የ3 ወይም የ5 ዓመት አስከፍሉት። ሆስቲንግ ቢቋረጥ ቅጂው እጃችሁ ላይ እስካለ ሌላ ቦታ ይጫናል። ዶሜን ከጠፋ ግን ስሙ ራሱ ሄደ ማለት ነው።

ፍጥነት፣ «ያልተገደበ» እና ቅጂ

የኢትዮጵያ ኢንተርኔት በጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ በባሕር ገመድ ነው ዓለምን የሚያገኘው። የውጭ ድርጅት ሰርቨሩ የት ይሁን ብሎ ካስመረጣችሁ ከአሜሪካ ይልቅ አውሮፓን ምረጡ። የአገር ውስጡንም «ሰርቨራችሁ የት ነው?» በሉት፤ በብር የሚሸጥ ሁሉ ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው ማለት አይደለም። ይሁንና ደንበኛን የሚያስመርረው አብዛኛውን ጊዜ የፎቶ ክብደት ነው። ስልክ ያነሳው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ይሆናል። አሥር የባና ፎቶ እንዳለ ከጫናችሁ ገጹ 40 ሜጋባይት ሆነ፤ መሐል ሜዳ ላይ በሞባይል ዳታ ማን ይጠብቀዋል? እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎባይት ብታወርዱት ጠቅላላው 2 ሜጋባይት ነው። ዓይን ልዩነቱን አያየውም።

«ያልተገደበ» የሚለውን አትመኑት። ቦታው ባይገደብ የፋይሉ ቁጥር ይገደባል፣ ሰርቨሩ በአንዴ የሚያስተናግዳችሁ ጎብኚም ይገደባል። አረርቲ አካባቢ እንግዳ የሚቀበል ቤት ካላችሁ ለጥምቀት ወደ ኢራንቡቲ የሚሄደው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጎርፍባችሁ ይችላል። ገጻችሁ «508» የሚል ስሕተት ካወጣ ድርሻችሁን ጨርሳችኋል ማለት ነው። ለዓመቱ ሙሉ ውድ ፓኬጅ ከመግዛት ይልቅ ለዚያ ሰሞን ገጹን ማቅለልና ገጹን አዘጋጅቶ የሚያቆይ፣ «ካሽ» (cache) የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) መጫን ይበቃል።

ቅጂን በተመለከተ ማንንም አትመኑ። ሲፓነል (cPanel) የሚባለው የሆስቲንግ ማስተዳደሪያ ገጽ ካለው ሆስቲንግ ላይ የዌብሳይቱን ሙሉ ቅጂ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ሌላ ሲፓነል ያለው ድርጅት ያንኑ ፋይል ተቀብሎ ይጭንላችኋል። ሆስቲንገርና ሳይትግራውንድ የየራሳቸውን ፓነል ነው የሚጠቀሙት፤ ጥሩ ናቸው፣ ግን ስትለቁ ትንሽ ሥራ አለው። እንደ እኛ ነገ በብር ወደሚሸጥ ድርጅት ልዛወር ለሚል ሰው ሲፓነል ያለው ይመረጣል።

እኔ ብሆን

ደንበኛዬ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ከሆነ፣ የውጭ ካርድም ከሌለኝ፣ ያለማመንታት የአገር ውስጥ ሆስቲንግ በብር እገዛለሁ። ዶሜኑን ግን በራሴ ኢሜይል በተከፈተ አካውንት አስመዘግባለሁ። ጓሳን ወይም አንኮበርን ሊያይ ከአውሮፓ የሚመጣ እንግዳ የምቀበል ከሆነና አስተማማኝ ካርድ ካለኝ የውጩን፣ አውሮፓ ያለ ሰርቨር መርጬ እይዛለሁ። ባለሙያ መቅጠር ጥሩ ነው፣ ዲዛይን ሁሉም ሰው አይችልም። ልጁን ለእጁ ሥራ ክፈሉት፤ አካውንቱን ግን እናንተ ከፍታችሁ የመግቢያ ፈቃድ ስጡት።

ገና ስም ላልተከለ ሱቅ ከቴሌግራም ቻናልና ጎግል ካርታ ላይ ቦታን ከማስመዝገብ ብትጀምሩም አይከፋም። ሁለቱም በነጻ ናቸው።

ሲሠራ ልብ የሚባሉ

አብዛኛው ሆስቲንግ ላይ ዎርድፕሬስ፣ ማለትም ዌብሳይት መሥሪያው ነጻ ፕሮግራም፣ በጥቂት ክሊክ ይጫናል። የደህንነት ሰርተፊኬቱ፣ ማለትም አድራሻው https ብሎ እንዲጀምር የሚያደርገው፣ በሌትስ ኢንክሪፕት በኩል በነጻ ይገኛል። ለዚህ ብቻ ብር የሚጠይቃችሁን «ለምን?» በሉት። አማርኛውን ዕቃ ማስገባት ሳትጀምሩ ሞክሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ሴቭ አድርጉና ገጹን እንደገና ክፈቱ። ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጠ ጽሑፋችሁ የሚከማችበት ዳታቤዝ የአማርኛ ፊደልን በሚያውቀው በዩቲኤፍ 8 (UTF-8) አልተዘጋጀም፤ ቀድማችሁ አስተካክሉት። በኋላ ሁለት መቶ የዕቃ ስም ካስገባችሁ ወዲያ ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው።

ስልክ ቁጥራችሁ ከላይ፣ ሲነካ የሚደውል ሆኖ ይቀመጥ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናውቃለን። ሌላ ከተማ ያለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ዌብሳይት በዚያ ጊዜም ለአዲስ አበባና ለውጭ ደንበኛ ይከፈት ነበር፤ ባለቤቱ ግን ኢሜይልም ቻትም ማየት አልቻለም። ማዘዣውን ሙሉ በሙሉ በቻት ላይ ከማድረግ ዋጋውንና ስልኩን ገጹ ላይ ቁልጭ አድርጎ መጻፍ ይሻላል።

አሁን ዶሜናችሁ ልጁ እጅ ያለ ከሆነ ሳትጣሉ በሰላም አስወጡት። መጀመሪያ የሚያበቃበትን ቀን ከአይካን ገጽ ላይ እዩ። ሁለት ወር ከቀረው ጊዜ አላችሁ። በራሳችሁ ኢሜይል እዚያው መዝጋቢ ዘንድ አካውንት ክፈቱና ዶሜኑን ወደዚያ አካውንት እንዲያዛውርላችሁ ጠይቁት፤ በአንድ መዝጋቢ ውስጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ ነጻ ነው፣ ደቂቃዎች ይወስዳል። ወደ ሌላ መዝጋቢ ከሆነ መቆለፊያውን ከፍቶ የማዛወሪያ ኮዱን ይላክላችሁ። አዲስ የተመዘገበ ዶሜን ብዙውን ጊዜ 60 ቀን ሳይሞላው ወደ ሌላ መዝጋቢ እንደማይዛወር አስቡ። ቀሪ ሒሳብ ካለበት ክፈሉት፤ ዶሜኑ እጃችሁ ሲገባ ደግሞ በዚያው ቀን ልጁ የሚያውቃቸውን ፓስወርዶች ቀይሩ።