ለትልቅ የቤንዚን መኪና ቺፕ ስትመርጡ፦ ጉልበቱን ተዉት፣ ማርሹን እዩ

መኪናዬ የ2015 ፎርድ ኤፍ-250 ናት። ሞተሯ 6.2 ሊትር ቪ8፣ ቤንዚን። ከኦሮራ ተነስቼ ሴራሚክና ሲሚንቶ በተሳቢ እየጎተትኩ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ወዳለችው ሲልቨርቶርን እወጣለሁ። ሥራዬ ነው። ስለዚህ «ቺፕ (የመኪናውን ጉልበት ይጨምራል የሚባለውን መሣሪያ) ባስገባባት ይሻላት ይሆን?» ለሚሉኝ ሁሉ የምመልሰው በአይ-70 አውራ ጎዳና ዳገት ላይ ካየሁት ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ኢንተርኔት ላይ በ20 እና በ30 ዶላር የሚሸጥ፣ ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ቺፕ የሚሉት ነገር አለ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ጓደኛዬ ገዝቶት መጣና በካቻቢቴ ከፈትነው። ውስጡ ያለው መብራቶቹን የምታበራ ትንሽ ሰሌዳ ብቻ ናት። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የምትነጋገርበት ክፍል እንኳ የላትም። ሌላው ርካሽ ዓይነት የአየሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ላይ የሚገባ ሬዚስተር ነው። ኮምፒውተሩን «አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ይዋሸዋል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። ወዲያው ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ቤንዚን መብዛቱን ያይና መልሶ ያስቀንሰዋል። ሁለቱንም አትግዙ። ብራችሁን ነው የምትጥሉት።

እውነተኛው ቺፕ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ራሱን የሚቀይር የእጅ መሣሪያ ነው። እኔ ጋ ያለው ኤስሲቲ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤክስ4 ነው፤ 400 ዶላር አካባቢ። ሶኬቱ ላይ ይሰካል፣ የፋብሪካውን ፕሮግራም አንብቦ ያስቀምጣል፣ ከዚያ የመረጣችሁትን ይጭናል። ምርጫዎቹ በነዳጅ ደረጃና በአጠቃቀም የተለዩ ናቸው። ሲጭን ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ሬዲዮውም ማራገቢያውም ይጥፋ። መሀል ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ይችላል። እኔ የባትሪ ቻርጀር ሳላገናኝ አልነካውም።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ሰው ቺፕ የሚገዛው የፈረስ ጉልበት ፍለጋ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን ብዙ አይገኝም። ምክንያቱ አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ከባቢው የሰጠውን አየር ብቻ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። አይ-70 የሚያልፍበት የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል። ፋብሪካው 385 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈላት መኪና እዚያ ስትደርስ ሲሶውን አጥታለች። የጎደለውን አየር የትኛውም ፕሮግራም አይፈጥረውም። መቀየር የሚችለው ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ የቤንዚኑን መጠንና ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩ የሚመልስበትን ፍጥነት ነው። ባለ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት (ባለ ቱርቦ ሞተር) ኤፍ-150 ያላችሁ ሌላ ናችሁ። ቱርቦው አየር አምቆ ስለሚያስገባ ፕሮግራሙ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ልዩነቱም ቁልጭ ብሎ ይታወቃል።

ታዲያ እኔ ለምን ወደድኩት? በካምቢዮው ምክንያት። ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ፋብሪካው ቤንዚን ይቆጥብ ብሎ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ እንዲሸሽ አድርጎታል። ዳገት ላይ ተሳቢ ስጎትት ወደ 4ኛ ይወርዳል፣ ትንሽ ሲያገግም 5ኛ ይገባል፣ ወዲያው አቅም ያንሰውና ይመለሳል። ይህ ውጣ ውረድ ካምቢዮውን ያግለዋል፣ ሹፌሩንም ያሰለቸዋል። የመጎተቻውን ፕሮግራም ከጫንኩ ወዲህ ማርሹን ይዞ ይቆያል። ከጆርጅታውን በላይ ያለችውን ክፉ ዳገት 3ኛን ነክሶ ይወጣታል። ፈጣን ሆነ አልልም። ከኋላዬ ስንት ኩንታል ሴራሚክ ይዤ መኪናው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ማወቄ ግን ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ያለው የመጎተቻ ቁልፍ የዚህን ግማሽ በነፃ ይሠራል። መጀመሪያ እሱን ተጭናችሁ ዳገት ውጡ። ከበቃችሁ 400 ዶላሩን ለጎማ አውሉት።

የጎማ ነገር ከተነሣ፦ ከፋብሪካው የተለቀ ጎማ ካሰራችሁ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ። ጎማው በ5 በመቶ ከተለቀ፣ መለኪያው 65 ሲል እናንተ 68 እየነዳችሁ ነው። መሣሪያው ይህን ያስተካክላል፤ ካምቢዮውም ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ በትክክል ያገኘዋል። ለብቻው ለዚህ ሲሉ የሚገዙትን ሰዎች እረዳቸዋለሁ።

ለቤንዚን ቁጠባ አትግዙት። የኔ አልተለወጠም።

ነዳጁን ግን ልብ በሉ። ዴንቨር ውስጥ ርካሹ ቤንዚን ኦክቴኑ (የነዳጁ ደረጃ) 85 ነው። ፎርድ ለዚህ ሞተር ቢያንስ 87 ይላል፣ ያ ደግሞ እኛ ጋ መካከለኛው ደረጃ ነው። የ91 ፕሮግራም ጭኖ 85 መቅዳት ሞተሩን ማስኳኳት ነው፤ ያ ኳኳታ ፒስተን ይጎዳል። ካንዴላም እዩ። ይህ ሞተር በአንድ ሲሊንደር ሁለት፣ በጠቅላላው 16 ካንዴላ አለው። ያረጀ ካንዴላ ላይ አዲስ ፕሮግራም አይጫንም።

ዋራንቲ ላይ ላላችሁ፣ የፎርድ የቤንዚን ሞተርና ካምቢዮ ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። በ1975ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት ተጨማሪ ዕቃ አስገባችሁ ተብሎ ብቻ ዋስትናችሁ አይሰረዝም፤ ጉዳቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑ መታየት አለበት። ፕሮግራሙ የሚነካው ሞተሩን ራሱን ስለሆነ ግን ክርክሩ ቀላል አይሆንላችሁም። እኔ ብሆን ጊዜው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። የጭስ ምርመራ ከደረሰባችሁም ፕሮግራም በጫናችሁ ማግስት አትሂዱ። ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራ ከዜሮ ስለሚጀምር ጥቂት ቀን መንዳት ያስፈልጋል። ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ወይም ሴንሰሮቹን ላጥፋልህ የሚል ሰው ከመጣ አሰናብቱት፤ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

ራም የሚባለው ፒክአፕ ያላችሁ፣ ከ2015 ወዲህ ያሉት ኮምፒውተራቸው የተቆለፈ ስለሆነ መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት የማስከፈቻውን ዋጋም ደምሩ።

ያገለገለ ኤክስ4 በርካሽ የምታገኙ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትስጡ፦ «መኪናህን ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም መልሰሃል?» መሣሪያው በመጀመሪያው መኪና ሻንሲ ቁጥር ይቆለፋል። ያኛው መኪና ካልተመለሰ የናንተን አይቀበልም።