ከኋላ የምትቀመጠዋን አስቀድመው ለጠየቁት መካኒክ

ሰላም ወገኖች።

ባለፈው ጁላይ እኔና ባለቤቴ ከለንደን በሞተር ሳይክል ተነስተን፣ ፈረንሳይን ከላይ እስከ ታች ወርደን ተመልሰናል። አስራ አራት ሌሊት አድረናል። ፎቶ ያያችሁ ሁሉ «ማን አዘጋጀላችሁ?» ስትሉኝ ከረማችሁ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው።

ያዘጋጁልን አንድ ሰው ናቸው። ደቡብ ለንደን ውስጥ፣ ከባቡር ድልድይ ስር ባለች ጠባብ ጋራዥ ሞተር የሚጠግኑ ሀበሻ መካኒክ። ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ ካየሁት ሞተርህን ሁለተኛ አልነካም» ብለውኛል። ያሉትን ደግሞ ያደርጋሉ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

እሳቸው ጋ የሄድኩት የጉዞ እቅድ ፍለጋ አልነበረም። የፍሬን ሸራ ለማስቀየር ነው። እግረ መንገዴን ስልኬ ላይ የሰራሁትን ካርታ አሳየኋቸው። ሰባት ቀን፣ በቀን 500 ኪሎ ሜትር፣ የአልፕስ ተራሮችን ጠራርጎ ኒስ ላይ ባህር የሚገባ እቅድ። ኮርቼበት ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና አዩት።

«ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?»

«ባለቤቴ።»

«ይቺን ካርታ አይታታለች?»

አላየችም። «ቅዳሜ ይዘሃት ና» ብለው ስልኬን መለሱልኝ።

ቅዳሜ ሄድን። ጋራዡ ውስጥ ያለችውን አንዲት ወንበር በጨርቅ ጠርገው ለእሷ ሰጧት። እኔ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንደ ሐኪም ይጠይቋት ጀመር። ሳትነሺ ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ? ወገብሽን ያምሻል? ጉልበትሽስ? ብርድ እንዴት ነሽ? ሲነዳ ትተኚያለሽ? በመጨረሻ «ገደል ትፈሪያለሽ?» አሏት።

ዝም አለች። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ይህን ጥያቄ ግን ጠይቄያት አላውቅም። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ልጅ ሆና ወደ ደሴ በአውቶቡስ ሲሄዱ፣ ጣርማ በርን ሲወርዱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ቁልቁል ያየችው ነገር እስከዛሬ በህልሟ ይመጣል። ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገረቻቸው። እኔ ጎማዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ጋሼ አልሳቁም፣ «አይዞሽ ምንም አይደል» ብለውም አላለፉትም። የደረሰኝ ጀርባ ላይ መንገድ ሳሉ። «ፈረንሳይ በቀኝ ነው የሚነዳው። ተራራው በቀኛችሁ ከሆነ ገደሉ ከወዲያኛው መስመር ማዶ ነው። ስለዚህ የምንችለውን ያህል አቅጣጫውን እንመርጣለን።» እኔ አንድ ወር ሙሉ ካርታ ላይ ስተኛ፣ መንገዱን ከየት ወዴት እንሂደው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀጥሎ ሚዛን መጣ። እንደምትጓዙት ለብሳችሁ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ኑ ተብለን ነበር። የሞተሬ መጽሐፍ ሰውና ዕቃ ተደምሮ 200 ኪሎ ይላል። እኔ ከነጃኬቴና ከነቦቴ 93፣ እሷ 70፣ ሻንጣዎቹ 46። ዘጠኝ ኪሎ በልጧል። ሻንጣው ተከፈተ። ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ ሶስት ጥንድ ጫማ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ጀበና። ጀበናው እዚያው ጋራዥ ቀረ። ዳቦ ቆሎው በድርድር አንድ ኪሎ ሆነ። ጫማው የኔ ስለነበር ያለ ድርድር ወጣ። ከባድ ዕቃ ከጎን ሻንጣዎቹ ታች፣ ቀላሉ ከኋላው ሳጥን እንዲገባ አደረጉ። ምክንያቱም ከኋላ ከፍ ብሎ የተጫነ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀለዋል፣ መሪው ይዋልላል።

ከዚያ ሁለታችንንም አስቀመጡንና ሞተሩ ኋላው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በሜትር ለኩ። የኋላውን ሞላ አጠበቁ። የኋላ ጎማ ንፋስ መጽሐፉ ለሁለት ሰው በሚለው 2.9 ባር ሆነ። የፊት መብራቱን ዝቅ አደረጉት፤ ኋላው ሲጫን መብራቱ ሽቅብ ሄዶ የሰው ዓይን ይወጋል። ለባለቤቴም ትምህርት ሰጧት። ኩርባ ላይ በውስጥ በኩል ባለው ትከሻው አሻግረሽ ተመልከቺ፣ ሰውነትሽ ራሱ ይከተላል። ፍሬን ሲይዝ ሄልሜታችሁ እንዳይጋጭ በእጅሽ ተደገፊ። ትከሻውን አንዴ ከመታሽው ቀስ ይበል፣ ሁለቴ ከመታሽው ይቁም። «ለምን ብለህ እንዳትጠይቃት» አሉኝ ወደኔ ዞረው። «መጀመሪያ ቁም።»

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ስላላት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። የጋሼ እቅድ ሌሊት በሌሊት የተጻፈ ስለነበር ለማመልከቻው ጠቀመን። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የህክምና ወጪ የሚሸፍን መሆን አለበት። የሞተሩ ባለቤትነት ደብተር ዋናው መያዝ አለበት። ከ2021 ወዲህ ከታርጋው ጎን የሚለጠፈው ዩኬ የሚል ነው፤ ጂቢ የሚለው አሮጌው አይሰራም። የሞተር ኢንሹራንሳችሁ ውጭ አገር ምን ያህል እንደሚሸፍን ደውላችሁ ጠይቁ። የኔ ወደ ሶስተኛ ወገን ብቻ ይወርድ ነበር፣ ጨምሬ አስተካከልኩት።

የፈረንሳይን ህግ ግን ልብ በሉ። ጓንት ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ከኋላ ለሚቀመጠውም ጭምር። ያውም የአውሮፓ ደረጃ ምልክት ያለበት የሞተር ጓንት። የባለቤቴን የሱፍ ጓንት ጋሼ በሁለት ጣታቸው አንስተው «ይቺ ለቤተ ክርስቲያን ናት» ብለው መለሱላት። አንጸባራቂ ሰደርያ መያዝ አለባችሁ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ክልክል ነው፤ ሄልሜቱ ውስጥ የተገጠመ መነጋገሪያ ግን ይቻላል። ካሜራ አለ ብሎ የሚያስጠነቅቅ መሳሪያም ክልክል ነው። የፍጥነት ወሰኑ በጠባብ የገጠር መንገድ ብዙ ቦታ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ በአውቶሩት (በፈጣኑ መንገድ) 130፣ ዝናብ ከዘነበ 110።

አሁን ጉዞው። ፎክስተን ላይ ሞተሩን እየነዳችሁ ባቡር ውስጥ ትገባላችሁ። አጠገቡ ቆማችሁ 35 ደቂቃ በባህሩ ስር ትሄዱና ካሌ ትወጣላችሁ። የመጀመሪያው አደባባይ ላይ በየት በኩል እንደምዞር ለአፍታ ጠፋኝ። ከኋላዬ «በቀኝ፣ በቀኝ» ይላል መነጋገሪያው። የአውቶሩቱ ክፍያ እንደ አዳማው መንገድ ነው፣ ትኬት ትወስዳለህ፣ ስትወጣ ትከፍላለህ። ለሞተር ከመኪና ይረክሳል። ትኬትና ካርድ የባለቤቴ ስራ ነበር። እኔ ጓንቴን ሳላወልቅ አልፍ ነበር፣ ይህም የጋሼ ዘዴ ነው።

ሬምስ አደርን፣ ቦን አደርን፣ አንሲ ሁለት ሌሊት ተቀመጥን። ከአውቶሩቱ በስተቀር በቀን 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በየአንድ ሰዓት ከሩቡ እረፍት። ተራራው ላይ ደግሞ በጣም ያንሳል። ከቫሉዋር ብሪያንሶን ለምሳሌ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እቅዱን ሳየው «ጋሼ፣ ይቺማ ቢሾፍቱ ደርሶ እንደመመለስ እንኳን አትሆንም» ብያቸው ነበር። «ሂድና ንገረኝ» አሉኝ።

ሄድኩ። ጋሊቢዬ ነው መሃሉ። ፈረንሳዮቹ ኮል የሚሉት የኛው በር ነው፣ ጣርማ በር እንደምንለው። ከፍታው 2642 ሜትር። እዚያ ላይ አቅጣጫ መምረጥ አይሰራም። መንገዱ እንደ እባብ ስለሚጠማዘዝ ገደሉ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ነው። ጋሼ ይህን ያውቁ ነበር። ለእሷ በተጻፈው ገጽ ላይ (አዎ፣ ለእሷ የራሷ ገጽ ነበራት) እንዲህ ይላል፦ ከጫፉ በታች ዋሻ አለ፣ በመብራት ተራ በተራ ነው የሚታለፈው፣ ጫፉን ካልፈለግሽ በዋሻው እለፉ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው።

ዋሻው አፍ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ድምጽ የለም። ከዚያ «ወደ ላይ» አለች። የመጨረሻዎቹን ኩርባዎች በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ወጣናቸው። እጆቿ ጃኬቴን ጨምድደው ይዘውኝ ነበር፤ ትከሻዬን ግን አልመታችውም። ጫፉ ላይ በጁላይ ወር በረዶ በየጥጉ አለ። ሄልሜቷን አወለቀች፣ ዙሪያውን አየች፣ የከፍታውን ሰሌዳ አነበበች። «ይሄ ነው እንዴ? ደብረ ብርሃን እኮ ከዚህ ይበልጣል።» እውነቷን ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ነው። አጠገባችን አንድ ብስክሌተኛ መሬት ላይ ተዘርግቶ ያለከልካል፣ እሷ ዳቦ ቆሎ ትቆረጥማለች።

ቢሾፍቱ ያልኳት መንገድ ያን ቀን አምስት ሰዓት ወሰደችብን።

ቬርዶን ሸለቆ ላይ ግን የአቅጣጫው ነገር ሰራ። ከዲኝ ወርደን ሙስቲዬ ሁለት ሌሊት አደርን። ከዚያ በደቡብ በኩል ያለውን ኮርኒሽ ሱብሊም የሚባለውን መንገድ ከኤጊን ጀምረን ወደ ምስራቅ ሄድነው። ሸለቆው ከመንገዱ በስተሰሜን ስለሆነ፣ ወደ ምስራቅ ስትሄድ በግራህ ነው። እኛ ድንጋዩን ተጠግተን እንሄዳለን። ከዚያ ማዶ ያለው ገደል የሌላ ሰው ጭንቀት ነው። ከፊት ከሚመጡት ሞተሮች ከኋላ የተቀመጡትን እያየች «ምስኪኖች» ትል ነበር። ውሃው እዚያ ታች እንደ ቱርኩዋዝ ድንጋይ ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፣ ቁማ ፎቶ አነሳችው። የመመልከቻው አጥር ጋ ሄዳ ማለቴ ነው። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ ለካ እኔም እፈራለሁ።

ከካስቴላን ወደ ግሬኖብል የተመለስነው በናፖሊዮን መንገድ ነው። ሰውየው በ1815 ከኤልባ ደሴት አምልጦ ማርች 1 ቀን ባህር ዳር ወርዶ፣ ማርች 7 ግሬኖብል የገባበት ነው። ሰፊና ለስላሳ ኩርባ አለው፣ ለሁለት ሰው የተሰራ ይመስላል። እንዲያው ባቡር ጣቢያ ባለፍን ቁጥር «ላ ጋር» የሚል ቀስት እናያለን። እሷ ደግሞ በመነጋገሪያው «ለገሃር! ወራጅ አለ!» ትላለች። አስራ አራት ቀን ሙሉ አልሰለቻትም።

ጋሼ እንከን የለባቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም። መልእክት በሶስተኛው ቀን «እሺ» ብለው ይመልሳሉ፣ የቱን እሺ እንዳሉ ግን አታውቅም። ዋጋቸውም ርካሽ አይደለም። የእቅዱን ለብቻ፣ የሞተሩን ማስተካከል ለብቻ ነው የሚያስከፍሉት፤ እኔ በበኩሌ አልቆጨኝም። ደግሞ አንድ ነገር ረስተዋል። ጁላይ የቱር ደ ፍራንስ ወር ነው፣ ብስክሌቶቹ በሚያልፉበት ቀን ተራራዎቹ ይዘጋሉ። እሱን ቀን በቀን አይተው አስቀርተውልናል። ብሔራዊ በዓላቸውን ጁላይ 14ን ግን ዘለሉት። ብሪያንሶን ያገኘን ያ ቀን ነው። ሱቅ ዝግ፣ መሃል ከተማው በሰው የተሞላ። ምሳችንን ዳቦ ቆሎ በላን። ማታ ርችት አየን።

የምሳው ሌላ ጥፋት የኔ ነው። «ወጥ ቤት ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል» ብለው ጽፈውልኛል። በኛ ሰዓት መሆኑን ረስቼ ስንት ቀን በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሬስቶራንት በር ቆምኩ። በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ማለት እሳቱ ጠፍቷል ማለት ነው። ሰው የሌለበት የነዳጅ ማደያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካርድ ስታስገቡ ከቀዳችሁት በላይ ለጊዜው ይይዛል፣ ሂሳባችሁ ላይ ትርፍ ይኑር።

ስንመለስ ጀበናችንን ልንወስድ ጋራዡ ሄድን። ጋሼ ሞተሩን ዞር ብለውም አላዩት። «ወገብሽስ?» አሏት። ቀጥለው «ገደሉስ?» እሷ ስልኳን አውጥታ የቬርዶኑን ፎቶ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ሰቅለው ብዙ ቆዩበት።

እንግዲህ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። አትደውሉላቸው፣ ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ይሻላል። ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ሳትይዙ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል። ዳቦ ቆሎ ይወዳሉ፣ ያቺ በድርድር የቀረችው አንድ ኪሎ ስንመለስ አልነበረችም።