የካንሰር ሕዋስን ከደም ለመለየት፦ ሴልሰርች፣ ፓርሶርቲክስ ወይስ ማጣሪያ?

ሐዋሳ ውስጥ ላቦራቶሪ የምታደራጁ ሁሉ፣ የእነዚህን መሣሪያዎች ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትፈልጉትን ለዩ፦ በደም የሚዘዋወሩትን የዕጢ ሕዋሳት ቁጥር ነው ወይስ ሕዋሳቱን ራሳቸውን? በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ አምስት ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሕዋሳት አሉ፤ የዕጢው ሕዋስ ግን አንድም ላይገኝ ይችላል።

ቁጥር ለሚፈልግ ሴልሰርች የተባለውን መሣሪያ እመርጣለሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ፈቅዶታል። በብዙ የዕጢ ሕዋሳት ላይ ያለውን ኤፕካም የተባለ ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል (አንቲቦዲ) የለበሱ የብረት ቅንጣቶች ሕዋሱ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ማግኔት ይስባቸዋል። ከ7.5 ሚሊ ሊትር ደም አምስትና ከዚያ በላይ የዕጢ ሕዋስ ከተገኘ የጡት ካንሰሩ አካሄድ አስጊ ነው ማለት ነው። ደሙ የሚቀዳበት ልዩ ቱቦ ናሙናውን ያለ ማቀዝቀዣ እስከ 96 ሰዓት ያቆያል፤ ከዲላ ወይም ከይርጋለም ለሚላክ ደም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሙቀቱ ግን ከ30 ዲግሪ ማለፍ የለበትምና ቱቦውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ኤፕካም የሌለው ሕዋስ ያመልጠዋል፤ የተያዘውም በሕይወት ስለማይቆይ ማራባት አይቻልም።

ሕዋሳቱን ራሳቸውን ለሚፈልግ ፓርሶርቲክስ የተባለው መሣሪያ አለ፤ ሕዋሱን በመጠኑና በጥንካሬው ስለሚያስቀር አንቲቦዲ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሰጠው ፈቃድ ግን ሕዋሱን ለመለየት ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የሚሠራውን የዘረመል ምርመራ ትክክለኛነት ማረጋገጥ የላቦራቶሪው ዕዳ ነው። ጠንካራ የሞለኪውል ላቦራቶሪ ለሌለው አልመክረውም።

ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ለምሳሌ አይሴት የተባለው ማጣሪያ ስምንት ማይክሮን ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች ደሙን ያሳልፋል። በማጣሪያው ላይ የቀረው ቀለም ተቀብቶ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ትልልቅ ነጭ የደም ሕዋሳትም አብረው ስለሚቀሩ ግን ውጤቱ በፓቶሎጂስቱ (ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሽታን በሚለየው ሐኪም) ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፓቶሎጂስት ላለው የምርምር ቡድን የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

ለሕክምና ከሆነ ግን አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በተሰራጨ የጡት ካንሰር ላይ የሕዋሳቱ ቁጥር አልቀንስ ሲል ኬሞቴራፒን ቶሎ መቀየር ዕድሜ እንደማያራዝም አሳይቷል። በጀቱ ከጠበበ በዕጢው ላይ ያሉትን የሆርሞን ተቀባይንና ኸር2 የተባለውን ፕሮቲን በናሙና ሥጋ ላይ የሚለየው ምርመራ ይቅደም፤ እናቶቻችን ታሞክሲፌን የተባለው የሆርሞን መድኃኒት ይጠቅማቸው እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። ይህ ከተሟላ በኋላ ሻጩን የአንድ ናሙና ሙሉ ወጪ፣ የሪኤጀንቱን (የምርመራ ኬሚካሉን) የአገልግሎት ዘመንና መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ የት እንዳለ በጽሑፍ አስመልሱት።