ግሬድ 68 ተብሎ የታሸገውን ማርትሬዛ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ በቴሌግራም የሚዞር ጠገራ ብር አለ። ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጓል፣ «ማሪያ ትሬዛ 1780፣ ግሬድ 68፣ ከ240 ዓመት በላይ» የሚል ወረቀት አለበት፤ ዋጋው 18,000 ብር ይባላል። ቀብዱን በቴሌብር አስልከው ዕቃውን ፍራንኮ አካባቢ ካፌ ውስጥ ያስረክባሉ። ቀብድ አትላኩ።

1780 የሚለው (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ብሩ የተመታበትን ዓመት አይነግራችሁም። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ቀጥሏል። በ1935 (ይህም በአውሮፓውያን ነው) ጣሊያን አገራችንን ልትወር ስትሰናዳ መምቻውን ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ መታች፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይም ተከተሉ። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ኦርጅናል ቢሆን እንኳ አያቶቻችን ጎረምሳ ሳሉ የተመታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዋጋውን የሚወስነው በአመዛኙ ውስጡ ያለው የብር ማዕድን ነው። አንድ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833ቱ ንጹሕ ብር ስለሆነ ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። የአንድ ግራም ንጹሕ ብር የዕለቱን ዋጋ ወርቅ ቤት ጠይቃችሁ በ23.4 አባዙት። ለስሌት ያህል ግራሙ 200 ብር ቢሆን 4,680 ብር ይመጣል። ከዚያ በላይ የሚጠየቀውን ሻጩ በምን እንደሚያስረዳ ይንገራችሁ።

«በግሬዱ ነው» ይላል። ከ1 እስከ 70 ያለውን መለኪያ እነ ኤንጂሲና ፒሲጂኤስ (ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡና የሚያሽጉ የውጭ ድርጅቶች) ይጠቀሙበታል፤ 60 እና ከዚያ በላይ የሚሰጠው እጅ በእጅ ላልዞረ ሳንቲም ብቻ ነው። የንግሥቲቱ ፀጉር ተልጦ፣ የንስሩ ደረት ልሙጥ ሆኖ 68 ብሎ ነገር የለም። እውነተኛ ማሸጊያ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይፈተሻል። ቁጥሩ ተቀድቶም ሊሆን ስለሚችል እዚያ ፎቶ ካለ ከያዛችሁት ጋር ጭረት በጭረት አስተያዩ። ቁጥር የሌለው ፕላስቲክ አንድ ሥራ ብቻ አለው፦ ሳንቲሙን እንዳትመዝኑት ይከለክላል።

ምክንያቱም ሚዛን ፎርጂዱን ወዲያው ያጋልጣል። ማግኔት ብዙ አያስተማምንም፤ ብረት ከሆነ ይይዘዋል እንጂ ነሐስ ወይም መዳብ ከሆነ ዝም ይላል። የሚሻለው የውሃ ፈተና ነው። ትንሿን የወርቅ ቤት ዲጂታል ሚዛን አምጡ፤ በላዩ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አጥልቁት፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ ክሩን በእጃችሁ እንደያዛችሁ። ሚዛኑ ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም ካነበበ ጥሩ ምልክት ነው። 3.1 ወይም 3.3 ካለ የያዛችሁት የመዳብ ድብልቅ ነው፣ ክብደቱ ውጭ ላይ 28 ቢሆን እንኳ። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ንባቡ ከፍ ስለሚል አራግፋችሁ ድገሙት። የምኒልክ ብርም ክብደቱና ጥራቱ ለዚህ በጣም ስለሚቀርብ (ከሺህ 835) ያው ፈተና ይሠራለታል።

ከዚያ ጠርዙን እዩ። ኦርጅናሉ ዙሪያውን ጎላ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉት፤ «ዩስቲሺያ ኤት ክሌመንሺያ»፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራው ግን ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ይታይበታል፤ መስመሩን ለማጥፋት ሲሞርዱት ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። የድሮ ነጋዴ የዘውዷንና የትከሻ ጌጧን ዕንቁዎች ይቆጥር የነበረው በከንቱ አይደለም፤ ፎርጂድ ላይ ዕንቁዎቹ ተድቦልቡለው አንድ ይሆናሉ።

ኦርጅናል ሆኖም ዋጋው የወደቀ አለ። በሎሚና በአመድ የታሸ ብር ፎቶ ላይ ያምራል፤ የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩበትና ሳንቲሙን አዘንብሉት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። አንገት ላይ ሲንጠለጠል የነበረ ከሆነ ደግሞ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ጠርዙ ላይ ግራጫ የብየዳ ጠባሳ ፈልጉ። ሁለቱም ለሰብሳቢ ብዙ አያወጡም፤ በብር ክብደታቸው ከሆነ ችግር የለም።

«እርሻ ላይ ሲቆፈር በእንስራ የተገኘ» የሚል ታሪክ ከተጨመረበት ተነሥታችሁ ሂዱ። ውሸት ከሆነ ተበላችሁ፤ እውነት ከሆነ በቅርስ አዋጁ (209/1992) መሠረት ለመንግሥት መታወቅ የነበረበትን ነገር ነው የገዛችሁት።

ርክክቡ ካፌ ሳይሆን ሚዛን ያለበት ወርቅ ቤት ይሁን። ሳንቲሙ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ሻጩ «ቆይ በደንብ ላሽግላችሁ» ብሎ እጁን ከዘረጋ አትስጡት፤ የሚቀየረው እዚያ ላይ ነው።